ለዕቃ ተከራይተን፣ ዕቃውን ጥለን

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። አውሮፕላኑ ቆሟል፣ ሚዛኑ ወጥቷል፣ ሰዉ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ይጠብቃል። ካፒቴኑ ክንፉ ሥር ቆሞ ወረቀቱ ላይ ደመረ፣ እንደገና ደመረ፣ ከዚያ ቀና አለ።

«140 ኪሎ ይበልጣል። ምን ይቅር?»

ማንም አልተነፈሰም። የሁሉም ዓይን ግን ቀስ በቀስ ወደ አንድ ቦታ ሄደ፤ ሁለቱ ግራጫ ሳጥኖች ወደ ተቀመጡበት። ውስጣቸው የዓይን ቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ ከነመቆሚያው አለ። ሁለቱ አብረው 130 ኪሎ ይመዝናሉ። እነሱ ከቀሩ፣ ከአንዲት የጉሉኮስ ካርቶን ጋር፣ ሒሳቡ ባንዴ ይዘጋል። ሳጥን አፍ የለው፤ አይቆጣ፣ አይለምን፣ ስልክ ደውሎ አለቃ አያገናኝ። ቀሩ።

ያን አውሮፕላን የተከራየነው ለእነዚያ ሁለት ሳጥኖች ነበር። ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ በመደበኛው በረራ ትኬት ቆርጦ፣ ከዚያ በመኪና ይደርስ ነበር።

ይህ አንድ ቀን ደርሶ ያለፈ ነገር ቢሆን ባልጻፍኩት። የሕክምና ዘመቻ ጓዝ ማሰናዳት እንጀራዬ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ ነገሩ ግን እየተመላለሰ ያው ነው። ካሜራና መብራት ጭነው ቆላ ከሚወርዱ ፊልም ሠሪዎች፣ ፓምፕና ቱቦ ከሚያመላልሱ የውኃ ሰዎች፣ ናሙና በሣጥን ከሚሸከሙ የድንጋይ ተመራማሪዎች ጋር ስንገናኝ ሁላችንም የምናወራው አንድ እሮሮ ነው። ለዕቃ ብለን እንከራያለን፤ ዕቃውን ጥለን እንሄዳለን።

ለምን ቻርተር እንደምንይዝ ለማያውቅ ልንገር። በመደበኛው በረራ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሻንጣ ከሃያ ጥቂት ኪሎ አይዘልም፤ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሳጥን ይዞ የመጣ ደግሞ ገና መግቢያው ላይ ፊት ይነሳዋል። በመኪና እንዳንሄድ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ደቡብ ኦሞ ጫፍ ሁለት ቀን ነው፤ ኮረኮንቹ ላይ ሁለት ቀን ሲናጥ የዋለ ማይክሮስኮፕ ሲከፈት መስታወቱ ከመስመሩ ወጥቶ ይገኛል። ስለዚህ ለጋሽ ተለምኖ፣ ገንዘብ ተጠራቅሞ፣ ካራቫን እንከራያለን።

ስለ ካራቫን ክፉ ወሬ የለኝም። ሴስና የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1982 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ያበረረው ይህ አውሮፕላን ለእንደኛ ዓይነቱ አገር የተፈጠረ ይመስላል። ክንፉ ከላይ ስለሆነ ጠጠርና ቁጥቋጦ አይነካውም፤ እግሩ የማይታጠፍ ጠንካራ ነው፤ አንድ ተርቦፕሮፕ ሞተር ይዞ አጭር የአፈር ሜዳ ላይ ያርፋል፣ ይነሳል። ገና ከጅምሩ ከገዙት ትላልቅ ደንበኞች አንዱ ፌዴራል ኤክስፕረስ የተባለው የጥቅል አድራሽ ድርጅት ነው፤ ለእሱ የተሠራለት መስኮት እንኳ የሌለው የጭነት ዓይነት ነበር። አውሮፕላኑ ዕቃ ያውቃል። ዕቃ የማናውቀው እኛ ነን።

የመጀመሪያው ምሬቴ በዋጋ መጠየቂያው ላይ ነው። ደውላችሁ «ካራቫን እፈልጋለሁ» ስትሉ የሚመለስላችሁ ጥያቄ «ስንት ሰው ናችሁ?» ነው። ስንት ኪሎ ብሎ የሚጀምር አልገጠመኝም። ማስታወቂያውም የሚያወራው ስለ ወንበር ነው፤ ዘጠኝ ሰው፣ አሥራ ሁለት ሰው። ይህን የሰማ አለቃ «አሥራ ሁለት ወንበር ካለው ለስምንት ሰውና ለዕቃችን አይበቃም እንዴ?» ይላል። አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ በየዓመቱ ለአዲስ አለቃ ማስረዳት ሰልችቶኛል፤ ግን አንዴ እዚህ ልጻፈውና ማንም ያንብበው።

ግራንድ ካራቫን የሚባለው ትልቁ ዓይነት፣ በአዲሱ ሞተር፣ ሲነሳ ከ3,995 ኪሎ መብለጥ አይችልም። ባዶው ከነወንበሩና ከነመሣሪያው 2,400 ገደማ ይመዝናል። የቀረው 1,595 ነው። ሁለት አብራሪዎች ከነቦርሳቸው 180 ብትሉ 1,415 ይቀራል። አሁን ነዳጅ። የምናርፍበት ሜዳ ላይ ነዳጅ የሚባል ነገር ስለሌለ የደርሶ መልሱን ከዚሁ መጫን ግድ ነው። ለእያንዳንዱ ጉዞ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ከዚያ ላይ የመጠባበቂያው፤ ባጠቃላይ 750 ኪሎ ገደማ ነዳጅ ማለት ነው። ተቀንሶ 665 ኪሎ ቀረ። ሰውም፣ ሳጥንም፣ ውኃም፣ ብርድ ልብስም ከዚህ 665 ውስጥ ነው። ስምንት ሰው በአማካይ 75 ኪሎ ከተባለ 600 ይወስዳል፤ ለዕቃ የሚተርፈው 65 ኪሎ ነው። የእኛ ማይክሮስኮፕ፣ የማምከኛው አውቶክሌቭ፣ ጀነሬተሩ፣ መድኃኒቱና ሌንሱ ተደምሮ 355 ኪሎ ነው። እንግዲህ የሚሄደው አራት ሰው ነው። ከአራት በላይ አይሆንም። አራት ሰው 300፣ ዕቃው 355፣ አሥር ኪሎ ተረፈ። ያ አሥር ኪሎ የአራቱ ሰዎች ቅያሪ ልብስ ነው።

ይህም ቀኑ ቀዝቀዝ ሲል፣ ሜዳውም ሲደርቅ ነው። አዲስ አበባ አውሮፕላን የሚነሳው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፍም ሞተርም ጉልበታቸው ይቀንሳል። ቆላ ስትወርዱ ደግሞ ከፍታው ቀንሶ ሙቀቱ ይተካዋል፤ የጋለ አየርም ያው ስስ ነው። ጠጠሩ ላይ ዝናብ ዘንቦ ካደረ መንደርደሪያው ጎማ ይይዛል። ስለዚህ ካፒቴኑ ከወረቀቱ ላይ ሌላ ሃምሳ፣ ሌላ መቶ ኪሎ ሊቀንስ ይችላል፤ ሲቀንስም ልክ ነው። «ካፒቴን፣ ትንሽ እለፍልን እንጂ» የሚሉት ያናድዱኛል። አውሮፕላን ልመና አይሰማም። እምቢ የሚል ካፒቴን ሲገጥመኝ በልቤ አመሰግነዋለሁ፤ እኛ ግን አህያውን ፈርተን ዳውላውን እንደሚባለው ትክክለኛው ጥፋት ላይ መድረስ ሲያቅተን እሱ ላይ እንጮኻለን።

ሁለተኛው ምሬቴ ወንበሩ ነው። ለአራት ሰው ስምንት የተሳፋሪ ወንበር አያስፈልግም፤ ትርፉ ይነቀል፣ ክብደቱም ይቀንስ፣ ወለሉም ይለቀቅ። ይህን በስልክ ነገርኩ፣ በጽሑፍ ላክሁ፣ ዋዜማው ላይ ደግሜ ደወልኩ። «ችግር የለም» ተባልኩ። በነጋታው አውሮፕላኑ በር ሲከፈት ወንበሮቹ በሙሉ ተደርድረው ተቀምጠዋል። መካኒክ ይጠራ ተባለ፤ መካኒኩ መንገድ ላይ ነው፤ መካኒኩ መጣ፣ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ቆመን ጠበቅን። ለዚያ ላጠፋነው ሰዓት ማንም ይቅርታ አልጠየቀንም። እኛ አርፍደን ቢሆን ኖሮ ግን የቆመበት ይከፈል ነበር።

ሦስተኛው በሩ ነው። የካራቫን የጭነት በር ከኋላ በግራ በኩል ነው፤ ወርዱ 124 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 127 ነው። ጥሩ በር ነው። ግን ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሳጥን በዚያ በር የሚገባው ሰያፍ ተይዞ፣ አራት ሰው ከውጭ ሁለት ሰው ከውስጥ ሆኖ፣ ቀስ እየተባለ ነው። ያውም መጀመሪያ ከገባ። ጎማ ያላቸው ደረቅ ሻንጣዎች ቀድመው ወለሉን ከያዙ በኋላ ግን የሚዞርበት ቦታ የለም። ከሆዱ ሥር የተለጠፈው ፖድ የሚባለው የጭነት ክፍል ለስላሳ ቦርሳ ይወዳል፤ ደረቅ ሻንጣ አይታጠፍለትም፣ ረጅም ሳጥንም አይገባበትም። ይህን በየጊዜው በጽሑፍ እናሳውቃለን፤ «ለስላሳ ቦርሳ ብቻ ይያዝ» ብለን። የሚመጣው ያው ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ ነው።

ደግሞ ክብደት የሚያርፍበት ቦታ አለ። ከባዱ ሳጥን ወደ ፊት፣ ቀላሉ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ሲጫን ከኋላ ከበዛበት ካራቫን ጭራው ላይ ቁጭ ሊል ይችላል፤ ለዚህም ነው ከጭራው ሥር ድጋፍ የሚቆመው። አንድ ሰው ካፒቴኑ ዞር ሲል ጠብቆ የራሱን ሻንጣ ከኋላ ጥግ ሲሸጉጥ አይቻለሁ። ሻንጣውን አላጣውም፤ የሌሎቻችንን ነፍስ ግን ለሻንጣው ሲል አስያዘ።

ወደ ዋናው ልምጣ። ያን ጠዋት የበለጠው 140 ኪሎ ከየት መጣ? አንዱ እንግዳ ነው። ዋዜማውን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለልኝ። «አንድ ሰው ብቻ ጨምርልን፤ ከለጋሾቹ ወገን ነው፣ ሥራውን ዓይቶ ሪፖርት ይጽፋል።» አንድ ሰው ብቻ። እኔም ጌታዬ ተብዬ፣ ተለምኜ፣ እሺ አልኩ፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልሸሽገውም። ሰውዬው 75 ኪሎ ነው። የቀረው ደግሞ ከየሰዉ ቦርሳ የወጣ ነው። በጠቅላላ አሥር ኪሎ የተፈቀደላቸው አራቱ ሰዎች 75 ኪሎ ይዘው መጡ። አንዷ ነርስ የራሷን ትራስ፣ አንዱ ላፕቶፕ ሁለት፣ አንዱ የታሸገ ውኃ ሙሉ ካርቶን፣ አንዱ ለወዳጁ የተላከ ድስት። ተራ በተራ ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው እያንዳንዱ «ይቺ ምን አላት?» ይላል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። መሬት ላይ እውነት ነው። አየር ላይ ግን ሃምሳውም ሎሚ የአንድ ትከሻ ሸክም ነው፤ ተካፍለን ስለያዝነው አይቀልም። ይህን የሚረዳ ሰው ማግኘት ነው ያቃተኝ።

በሰውነት ክብደት ላይ የሚነገረው ውሸት ደግሞ ሌላ ነው። በቅጹ ላይ 60 ብሎ የሞላ ሰው ሚዛን ላይ ሲቆም 78 ይሆናል። ከሰው ፊት መመዘን እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሚዛኑን ከመጋረጃ ኋላ እናድርገው ብዬ ሞክሬያለሁ፣ ቁጥሩን ለካፒቴኑ ብቻ በጆሮው እንነግረዋለን ብያለሁ። ብቻ እውነቱን ንገሩኝ። እናንተ የደበቃችሁት አሥራ ስምንት ኪሎ አንድ ካርቶን ሌንስ ነው።

ፍተሻው ላይ የሚቀረው ዕቃም አለ። ጀነሬተር በውስጡ ቤንዚን ካለ አይጫንም፤ ታንኩ ተራግፎ፣ ደርቆ፣ ሽታው መጥፋት አለበት። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊትየም ባትሪ እንደ ተራ ጓዝ አይታይም። ይህ የታወቀ፣ ደግሞም ተገቢ ሕግ ነው፤ እሳት አየር ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው አይከራከርበትም። ግን ጀነሬተሩን ማታ ሞክሮ ቤንዚኑን ውስጡ የሚተወው ሰው ሁልጊዜ አለ። ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ «ትናንት ነው የሞላሁት» ይላል። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር።

ሰዓቱም ያው ነው። የምንሄድባቸው ሜዳዎች መብራት የላቸውም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መነሳት ግድ ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ስለሚበረታ ካፒቴኑ ረፋዱን ይመርጣል። ጠዋት አንድ ሰዓት የባከነ እንደሆነ ቀኑ በሙሉ ይጠባል። አድርሶን ባዶውን ተመልሶ፣ ከቀናት በኋላ ሊወስደን ባዶውን ሲመጣም እኛው እንከፍላለን፤ አራት በረራ ከፍለን የምንሳፈረው ሁለቱን ነው። አልቃወምም፤ አውሮፕላን አየር ጠጥቶ አይበርም። ግን ባዶውን ሲመጣ ቀርተው የነበሩትን ሳጥኖች ይዞልን ይምጣ ስንል «ያ ሌላ ውል ነው» መባል ምን ይባላል? እኛ የከፈልንበት ባዶ ሆድ የእኛን ሁለት ሳጥን እምቢ አለ።

ያን ቀን ከኦሞ ወንዝ ብዙም የማይርቅ የጠጠር ሜዳ ላይ አረፍን። ልጆች ፍየሎቹን ከመንደርደሪያው ላይ አባረው ገና ትንፋሻቸው አልተመለሰም። ጤና ጣቢያው ግቢ ስንደርስ ሰዎች ከግራሩ ሥር ተቀምጠዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስማቸውን በደብተር ይዛለች፤ የሁሉንም ፊት አሳጥባ፣ ማን መጀመሪያ እንደሚገባ ወስና ጨርሳለች። ከትናንት ወዲያ የመጡ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸው በበትር ጫፍ እየመራች አምጥታቸዋለች፤ እሷ አንደኛውን ጫፍ፣ እሳቸው ሌላውን ይዘው። በሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይታያል።

በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከአገራችን ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቶ ነበር። የዓይን ሞራ በጥቂት ደቂቃ ቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ሐኪሙ ነበር፣ ሌንሱ ነበር፣ ነርሶቹ ነበሩ። ማይክሮስኮፕ አልነበረም።

ሐኪሙ በባትሪ መብራት አንድ በአንድ መረመራቸው፤ ጠብታ ሰጠ፣ ቀጠሮ ጻፈ። ሽማግሌው ጋ ሲደርስ አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ ነገራቸው። እሳቸው ዝም ብለው ሰሙና አንድ ነገር ጠየቁ። አስተርጓሚው ወደ እኛ ዞረ። «መሣሪያው የት ቀረ? ይላሉ።»

ምን ብዬ ልመልስ? ቦታ ስላልነበረ ነው ልበል? አጠገቤ የቆመውን እንግዳ አየሁት፤ የታሸገውን ውኃ ካርቶን አየሁት። ቦታ ነበረ። እኛ ያዝነው።

ማይክሮስኮፑ ከአራት ቀን በኋላ በመኪና መጣ። እግዚአብሔር ይመስገን አልተበላሸም። ከግራሩ ሥር ከነበሩት ግን ግማሾቹ ወደ ከብታቸው ተመልሰው ሄደው ነበር። ሽማግሌው ከሄዱት ውስጥ ናቸው።

መመለሻው ላይ ያየሁትን ደግሞ ልጨምር፤ ካልተናገርኩት ያንቀኛል። ስንሄድ የክብደት ችግር የነበረባቸው ሰዎች ስንመለስ ማር በጀሪካን ይዘው ቀረቡ። ሰው ለቤቱ ማር ቢገዛ ነውር የለውም። ግን ካራቫን እንደ ትልቁ አውሮፕላን ውስጡ የታመቀ አየር የለውም፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በጀሪካኑ ውስጥ ያለው አየር ያብጣል፣ ክዳኑን ይገፋል። ደጋው ላይ ስንደርስ ማሩ ከክዳኑ ሥር ወጥቶ በወለሉ ላይ ተንጠባጠበ፤ የአውቶክሌቩ ገመድ ማር ለብሶ ወረደ። አዲስ አበባ ገብተን ያን ገመድ በሙቅ ውኃ ሳጥብ ያመሸሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ወስኛለሁ። ዋጋ ስጠይቅ የሰው ቁጥር አልናገርም፤ የእያንዳንዱን ሳጥን ርዝመት፣ ወርድ፣ ቁመትና ኪሎ ጽፌ እልካለሁ፣ «ይህን የሚጭን ካለ ይንገረኝ» እላለሁ። ወንበር ተነቅሎ ማየት ካለብኝ ዋዜማውን ራሴ ሄጄ አያለሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሚደወል ስልክ አላነሳም። ጠዋት ሚዛኑ ሲወጣ መጀመሪያ የሚመዘነው፣ መጀመሪያም የሚገባው ግራጫው ሳጥን ነው፤ ሰው የሚመዘነው እሱ ታስሮ፣ መረቡ ተወጥሮ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ ካፒቴኑ «ምን ይቅር?» ሲል ከመሬት ላይ ያለነው እኛ ብቻ እንሆናለን። ለዚህ ብዙ ሰው አኩርፎኛል። ያኩርፍ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የተጠቀመበት ከጦርነት የተረፈ ሲ-47 አውሮፕላን ነበር። በእነዚያ አውሮፕላኖች ውስጥ ተሳፋሪው በግድግዳው ዳር ከተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጥ ነበር፤ ጭነቱ ከመሐል ወለሉ ላይ ይታሰራል። ሰው ዳር፣ ዕቃ መሐል። ያ ምቾት አልነበረም፤ ግን ዕቃው የሚሄድበት ምክንያት ነበረው፣ ሰውም እግሩን ሰብስቦ ቦታ ይለቅለት ነበር።

የምለምነው ይህንኑ ነው። እግራችንን እንሰብስብ። በሚቀጥለው ወር ወደዚያው ሜዳ እንመለሳለን፤ ዝርዝሩ አራት ሰው ነው፣ አምስተኛ የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሽማግሌውን ፈልጋ እንድታስመጣቸው ነግሬያታለሁ። ከልጅ ልጃቸው ጋር በትራቸውን ይዘው ሲመጡ «መሣሪያው የት ቀረ?» ብለው ደግመው እንዳይጠይቁኝ፣ በዚህ ጉዞ ላይ ስማችሁ ያለ ሁሉ፣ እባካችሁ ያን ትራስ ቤት ተዉት።